የቨርጂኒያ ምክር ቤት የበላይነት በዕጣ ተለየ የሚባለው እውነት ነው?

መምህርት ዘደሴ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ነው የምኖረው። 10ኛ ክፍል ዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ ፌዴራል ሥርዓት ስንማማር የሌላ አገር ክልሎች እንዴት ይተዳደራሉ የሚል ጥያቄ ተነሳ። እኔም አሜሪካን ጠቀስኩ። ሃምሳ ስቴት እንዳላት፣ እያንዳንዱም የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንዳለው ነገርኳቸው።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ አጎቴ ቨርጂኒያ ነው ያለው። እዚያ ምርጫ እኩል ለእኩል ወጥቶ በዕጣ ለዩት ብሎኛል" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ልጁን ስለማውቀው አልሳቅሁም። ዝም ብሎ የሚያወራ ልጅ አይደለም። ማታ ኔትወርክ ሲመለስ ፈላለግሁ። ነገሩ ያለ ነው። ግን ግማሹ አልገባኝም።

የማይገባኝ እንዲህ ነው። እኛ ጋ የክልሉን ምክር ቤት የያዘው ፓርቲ ነው ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው። እዚያ ግን ምክር ቤቱ በአንድ ፓርቲ፣ አገረ ገዥው በሌላ ፓርቲ የሚሆንበት ጊዜ አለ ይላሉ። ታዲያ ሥራው እንዴት ነው የሚሄደው? ደግሞስ ምክር ቤቱ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ሲዞር የተራው ሰው ኑሮ ላይ ምን ይለወጣል? ተማሪዎቼ ጆሯቸውን የሚሰጡኝ እዚህ ላይ ነው። የወንበር ቁጥር ብቻ ብደረድርላቸው ያንቀላፋሉ።

እዚያ ያላችሁ ወሎዬዎች ብዙ ናችሁና ያያችሁትን አካፍሉኝ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ከሆነ እሱን እኔም አላጣውም።

ቦርከና

መምህርት፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሱት። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ በምርጫ ቀን አስፈፃሚ ሆኜ እሠራለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት።

ልጁ ልክ ነው። ነገ ክፍል ሲገቡ ይጨብጭቡለት።

መጀመሪያ አወቃቀሩን ልንገርዎት። ቨርጂኒያ ሁለት ምክር ቤት አላት። ታችኛው 100 መቀመጫ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይመረጣል። ላይኛው ሴኔቱ ነው፤ 40 መቀመጫ፣ በየአራት ዓመቱ። አገረ ገዥውን ደግሞ ሕዝቡ ለብቻው ይመርጠዋል። ምክር ቤቱ አይሰይመውም። ለዚህ ነው ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ሊሆኑ የሚችሉት። የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዕጣው። እስከ 2017 ድረስ በታችኛው ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች 66፣ ዴሞክራቶች 34 ነበሩ። ይህን ክፍተት በአንድ ምርጫ ይዘጉታል ብሎ የጠበቀ ሰው አላጋጠመኝም። ኖቬምበር 7 ምርጫው ተደረገ። ሌሊቱን ውጤት ስንከታተል ወንበሩ አንድ በአንድ ሲዞር አደረ። ሁሉም ነገር ሲጠራ 50 ለ49 ሆኖ አንድ ወንበር ብቻ ቀረ። እሱን ዴሞክራቷ ካገኘችው 50 ለ50 ነው። ሪፐብሊካኑ ካገኘው 51 ለ49፣ አፈ ጉባኤውም የኮሚቴ ሰብሳቢዎቹም ከእነሱ ይሆናሉ።

ያ ወንበር 94ኛው የምርጫ ወረዳ ነው። ኒውፖርት ኒውስ የምትባል መርከብ የሚሠራባት ከተማ ውስጥ ነው። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ይባላል፤ ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንስ። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ በለጠ። ዲሴምበር 19 ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንስ በአንድ ድምፅ አለፈች፤ 11,608 ለ11,607። ደጋፊዎቿ እንኳን ደስ አለሽ ብለዋት አደሩ። በማግስቱ ነገሩ ወደ ሦስት ዳኞች ሄደ። አንድ ወረቀት አከራካሪ ሆኖ ነበር። መራጩ የሁለቱንም ስም አጠገብ ያለውን ቦታ አጥቁሯል። ከዚያ በሳይመንስ ላይ መስመር አስምሮበታል። ዳኞቹ "የመራጩ ሐሳብ ያንሲ ነው" ብለው ቆጠሩለት። 11,608 ለ11,608 ሆነ።

የቨርጂኒያ ሕግ እኩል ሲመጣ በዕጣ ይለይ ይላል። መሠረቱ የ1705 ሕግ ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የምርጫ ቦርዱ በስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ ተሰበሰበ። የሁለቱ ስም በወረቀት ተጻፈ። እያንዳንዱ ወረቀት ድሮ የፎቶ ፊልም ይቀመጥባት በነበረችው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ከስቴቱ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በመጣ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተደረጉ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጁን ሰዶ አንዱን አወጣ። ያንሲ። 51 ለ49።

እኔ በምርጫ ቀን የምቆመው ማሽኑ አጠገብ ነው። ስለዚያች ወረቀት ሳስብ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። መራጩ ግራና ቀኝ የተከለለ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ በእስክርቢቶ ያጠቁራል፤ ከዚያ ራሱ አምጥቶ ማሽኑ ውስጥ ይከታል። ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ካጠቆረ ማሽኑ ይጮኻል፤ ወረቀቱንም ይመልሳል። እኔ ወረቀቱን ማየት የለብኝም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ "ከፈለጉ ይህ ተሰርዞ አዲስ ወረቀት ይሰጥዎታል" እላለሁ። አንዳንዱ ሥራ ረፍዶበታል፤ "ግድ የለም፣ እንዳለ ይግባ" ይላል። ከ2017 ወዲህ እንዲህ ሲሉኝ ዝም አልልም። "እባክዎ፣ ሁለት ደቂቃ ነው" እያልኩ እለምናለሁ። ሕጉ የሚፈቅድልኝን ያህል ማለቴ ነው።

የኑሮውን ጥያቄ ማታ ከሥራ ስመለስ እጽፋለሁ።

ላስታ

ወንድሜ ቦርከና፣ አጻጻፍህ ግሩም ነው፤ ግን ልቤ አላረፈም። ከ23 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ መርጦ፣ መጨረሻው ሳህን ውስጥ እጅ መስደድ? ዕጣ ለእቁብ ነው የሚያምረው፤ ዛሬ ያልወጣለት ሰው ነገ ይወጣለታል። እዚህ የተሸነፈችው ሴትዮ ተራ የላትም። ድጋሚ ምርጫ ቢያደርጉ ምን ነበረበት?

ቦርከና

ላስታ፣ ቅሬታህ ይገባኛል። እዚህም ብዙ ሰው እንዳንተ ነው ያለው። ሳይመንስ ግን ጊዜዋን ጠብቃ በ2019 ተመልሳ ከዚያው ሰው ጋር ተወዳደረችና አሸነፈችው። ማንም አልሰጣትም፤ በር ለበር እየዞረች ነው ያመጣችው።

አሁን መምህርት የጠየቁት፣ ተራው ሰው ኑሮ ላይ ምን ተለወጠ የሚለው።

ሜዲኬይድ የሚባል ነገር አለ። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሸፍነው የጤና መድን ነው። በ2010 በኦባማ ጊዜ የወጣው ሕግ ስቴቶች ሽፋኑን እንዲያሰፉ መንገድ ከፈተ። አብዛኛውን ወጪ የፌዴራል መንግሥቱ ይችላል፤ የማስፋቱ ውሳኔ ግን የየስቴቱ ሆነ። የቨርጂኒያ ታችኛው ምክር ቤት ለዓመታት እምቢ አለ። አገረ ገዥው ይለምናል፤ ምክር ቤቱ ይዘጋል። በ66 ወንበር ላይ የተቀመጠ ፓርቲ ማንን ይፈራል?

51 ሲሆኑ ነገሩ ተለወጠ። ልብ ይበሉ፤ ዕጣው የወጣው ለሪፐብሊካኖቹ ነው። አብላጫው አሁንም የእነሱ ነበር። ግን የሕዝቡን ስሜት አይተዋል። ከመካከላቸው የተወሰኑት "ሥራ የመሥራት ግዴታ ይጨመርበት" ብለው ተደራደሩና ከዴሞክራቶቹ ጋር ድምፅ ሰጡ። ሜይ 30 ቀን 2018 ሕጉ አለፈ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ 400,000 የሚሆን ሰው ይጠቀማል ተብሎ ነበር የተገመተው።

ከ400,000ው አንዱን አውቀዋለሁ። የሐይቅ ሰው ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ዜግነት አለው፤ መድን ግን አልነበረውም። ስኳር አለበት። ኢንሱሊኑ እንዲበረክትለት ሐኪም ካዘዘው እየቀነሰ ይወጋ ነበር። እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶ እንኳ ሆስፒታል መሄድ ፈራ፤ ሒሳቡን አስቦ። ቡና ላይ ተቀምጠን ሲያነክስ አይተን ስንጠይቀው "ጫማው ነው" ይለናል። በ2019 ካርዱን አገኘ። ዛሬ በየሦስት ወሩ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ እግሩም ተርፎለታል፤ አልሐምዱሊላህ። ለተማሪዎችዎ ይህን ይንገሩልኝ። ምክር ቤት ማለት ይኸው ነው፤ የዚህ ሰውዬ እግር ነው።

ላስታ ስለ ዕጣው ተቆጣ። እኔን የበለጠ የሚያስቆጣኝ ካርታው ነው። በ2017 በስቴቱ ዙሪያ ተደምሮ ዴሞክራቶች ያገኙት ድምፅ ከሪፐብሊካኖች በብዙ ይበልጥ ነበር። ተፎካካሪ ያልቀረበባቸው ወረዳዎች ስለነበሩ ድምሩ ፍጹም መለኪያ አይደለም። ቢሆንም ብልጫው ሰፊ ነው። ወንበሩ ግን 49። ለምን? የምርጫ ወረዳዎቹን ድንበር የሚያሰምረው ምክር ቤቱ ራሱ ነበር። ምክር ቤቱን የያዘ ፓርቲ እስክርቢቶውን ይዞ ሰፈሩን እንደፈለገ ይቆራርጠዋል። ዴሞክራቶችም እስክርቢቶው በእጃቸው በነበረበት ዘመን ያደረጉት ነው፤ የአንድ ወገን ኃጢአት አይደለም። በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት 11 ወረዳዎችን አይቶ "ጥቁር መራጮችን በዘር ለይታችሁ አጭቃችኋል፤ ይስተካከል" አለ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2019 ተዘጋ። በተስተካከለው ካርታ በኖቬምበር 2019 ምርጫ ሆነና ዴሞክራቶች ታችኛውን ምክር ቤት 55 ለ45፣ ሴኔቱን 21 ለ19 ያዙ። ሁለቱ ምክር ቤትና አገረ ገዥው በአንድ ላይ በእነሱ እጅ ሲገቡ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ጎረፈ። ምክንያት ሳይጠየቁ ቀደም ብሎ መምረጥ ተፈቀደ፤ የምርጫ ቀን የስቴቱ በዓል ሆነ። የሞት ቅጣት በ2021 ቀረ፤ ከደቡብ ስቴቶች ቨርጂኒያ የመጀመሪያዋ ናት። ዝቅተኛው የሰዓት ደሞዝ ከ7.25 ዶላር በ2021 ወደ 9.50፣ በ2022 ወደ 11፣ በ2023 ወደ 12 ዶላር ወጣ። ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ሆቴል የሚያጸዳ ወገናችን ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ከሚሴ የሕግ ባለሙያ

መምህርት፣ የእኛን ወገን እኔ ልጨምር። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 50 ላይ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው ይላል። አስፈፃሚው የሚወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት በአንድ ፓርቲ፣ ርዕሰ መስተዳድሩ በተቃዋሚው የሚሆንበት መንገድ በተለመደው አሠራር የለም። እኔ ባለሁበት ደግሞ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሩ የራሱ ምክር ቤት አለው። ተማሪዎችዎ በቅርባቸው ያለውን ይህን ደረጃም ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ስለ ርክክብ ከተነሳ ደግሞ አንድ የራሳችን ታሪክ አለ። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138 የምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። የከተማው ሥልጣን ግን ወደ አሸናፊው አልተላለፈም። ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ስትመራ ቆይታ በ2000 ዓ.ም. ሌላ ምርጫ ተደረገ። ያንን ዘመን በወጣትነቴ አይቸዋለሁ። ምርጫ የሚለካው በቆጠራው ሌሊት ሳይሆን በርክክቡ ጠዋት እንደሆነ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቦርከና አንድ ነገር ግልጽ አድርግልን። አገረ ገዥውና ምክር ቤቱ ሲጣሉ የማን ቃል ነው የሚጸናው?

ቦርከና

ምክር ቤቱ ሕግ ያወጣል። አገረ ገዥው ካልፈለገ ይመልሰዋል። ያንን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። 51 ለ49 የሆነ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛን ከየት ያመጣል? ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ2024 ዴሞክራቶቹ ደሞዙን ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ሕግ አሳለፉ፤ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን መለሰው። በቀጣዩ ዓመትም እንደገና አሳለፉ፤ እንደገና መለሰው። በ2024 ብቻ የመለሳቸው ሕጎች ከ200 በላይ ናቸው። በጀት ላይ ግን ካልተስማሙ መንግሥት ስለሚቆም ተሟግተውም ቢሆን ይገናኛሉ።

ሸዋበር

እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። ቦርከና የምትለው ጥሩ ነው፤ ግን የደሞዙን ነገር ከእኔ በኩልም እዩት። ልጆቹ የሚገባቸው ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ጤፉም ዘይቱም የቤት ኪራዩም ጨምሮ ደሞዙ ሲጨመርበት ሁለት አስተናጋጅ ለመቀነስ ተገድጃለሁ። ጠዋት ራሴ እጥባለሁ፣ ማታ ራሴ እዘጋለሁ። ይህንንም ለተማሪዎች ንገሯቸው፤ ሕግ ሲወጣ የሚደሰትም የሚጨነቅም አለ።

ሌላው፣ 2021ን ለምን ዘለልከው? ያን ዓመት እኔ ሪፐብሊካን ነው የመረጥኩት፤ አላፍርበትም። የምርጫው ቀን ኖቬምበር 2 ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ የወደቁት በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ደሴ ነበረች። ስልክ የለም። ቀን ከሌሊት ብሞክር ያው ነው። ዋሽንግተን ያለው የዴሞክራቶቹ አስተዳደር ድምፃችንን አልሰማም ብለን ተቃጥለን ነበር። ዋትስአፑ ሁሉ ለያንግኪን ምረጡ የሚል ነበር፤ ምግብ ቤቴ ውስጥም ሌላ ወሬ አልነበረም። ሄጄ መረጥኩ። በእጄ የነበረው ይህ ወረቀት ብቻ ነበር።

ቦርከና

እህቴ ሸዋበር፣ የዘለልኩት ስለሚከብደኝ ነው። እኔም ያን ቀን ማሽኑ አጠገብ ነበርኩ። በራችን ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፤ እኛ ከ11 ጀምሮ እዚያ ነን። ስልክ ማውጣት ስለማይፈቀድ ቀኑን ሙሉ የኮምቦልቻን ወሬ ሳልሰማ ዋልኩ። ወገኖቻችን ሲገቡ ፊታቸውን አይቼ አውቃቸዋለሁ። ዓይናቸው ቀልቷል። አንዲት እናት ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ስትከት እጇ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ጊዜ ሳተችው። ማንን እንደመረጠች አላውቅም፤ መጠየቅም የለብኝም። ልረዳት እጄን ልዘረጋ ስል ራሴን ያዝኩ፤ ወረቀቱን መንካት አልችልም። "አብሽሪ እናቴ፣ ቀስ ብለሽ" ብቻ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ በንግግሬ ወሎዬ መሆኔን አወቀች። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

የመረጥሽውን አልወቅስም፤ መብትሽ ነው፤ ሐዘንሽም ሐዘኔ ነው። ግን ያኔም ያልኩትን አሁንም እላለሁ። ስለ ኢትዮጵያ የሚወስነው ዋሽንግተን ነው። ሪችመንድ ያለው ምክር ቤት አምባሳደር አይልክም፣ ማዕቀብ አይጥልም። እሱ የሚወስነው ስለ ልጅሽ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሠራተኛሽ ደሞዝ፣ ስለዚያ የሐይቅ ሰው መድኃኒት ነው። ለዋሽንግተን የታሰበው ቁጣ ሪችመንድ ላይ አረፈ። ይህን ስል የወገናችን ድምፅ ብቻውን ውጤቱን ለወጠው እያልኩ አይደለም። ያንግኪን በስቴቱ ዙሪያ ከ60 ሺህ በላይ ድምፅ በልጦ ነው ያሸነፈው። ትምህርት ቤት፣ ኮቪድ፣ ግብር፤ ብዙ ጉዳይ ነበር። ምክር ቤቱም 52 ለ48 ሆኖ ወደ ሪፐብሊካኖች ተመለሰ። እንደገና ሁለት ወንበር ላይ ድጋሚ ቆጠራ ተደርጎ ዲሴምበር ላይ ነው የረጋው።

የሕግ ባለሙያው ስለ ርክክብ ጠዋት ያሉት ነገር ልቤን ነካው። ያን ጊዜ አፈ ጉባኤዋ አይሊን ፊለር-ኮርን ነበረች። ምክር ቤቱ ከ1619 የመጣ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ እሷ ናት። ወንበሩ ላይ የቆየችው ሁለት ዓመት ብቻ። ጃንዋሪ 2022 ላይ ለሪፐብሊካኑ ቶድ ጊልበርት አስረከበች። ወታደር አልወጣም፤ ኢንተርኔት አልተዘጋም። በ2023 ምርጫ ደግሞ 51 ለ49 ሆኖ ወደ ዴሞክራቶች ዞረ፤ ጊልበርት በተራው ለዶን ስኮት አስረከበ። ዶን ስኮት በወጣትነቱ ለዓመታት የፌዴራል እስር ቤት የቆየ ሰው ነው። ከወጣ በኋላ ጠበቃ ሆነ፤ በ2024 የቨርጂኒያ የመጀመሪያው ጥቁር አፈ ጉባኤ ሆነ። በ2025 ምርጫ ዴሞክራቶቹ 64 ደርሰዋል። ከ2017 በፊት ሪፐብሊካኖቹ የነበራቸው ቁጥር ማለት ይቻላል። ነገ ደግሞ ሊዞር ይችላል፤ ሁለቱም ይህን አውቀው ነው የሚሠሩት።

ሸዋበር

የምትለው ገብቶኛል ወንድሜ። እናቴ ደህና ናት፤ እመቤቴ ትመስገን። ማንን እንደምመርጥ አሁን የማየው እንዳልከው በየጉዳዩ ነው፤ ግን ያን ዓመት ብትመልሱኝ ያንኑ አደርግ ነበር። መምህርት፣ ደሴ ስመጣ ቡና አብረን እንጠጣለን።

የሚኒሶታው

አንድ ልጨምር። እኛ ጋ ከ2024 ምርጫ በኋላ ምክር ቤቱ 67 ለ67 ነበር የወጣው። ዕጣ የለም፤ መነጋገር ነው። አንድ አሸናፊ የወረዳው ነዋሪ አይደለም ተብሎ በፍርድ ቤት ስለወጣ ሪፐብሊካኖች ለጊዜው 67 ለ66 ሆኑ። ዴሞክራቶቹ በጃንዋሪ 2025 ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ብለው ለሳምንታት ሳይገቡ ቀሩ። ኋላ ተስማሙ፤ አፈ ጉባኤዋ ከሪፐብሊካን፣ ኮሚቴዎቹ ደግሞ እኩል በጋራ እንዲመሩ። እኩል መሆን የቨርጂኒያው ዓይነት መጨረሻ ብቻ እንደሌለው ተማሪዎቹ ይወቁት።

መምህርት ዘደሴ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። ሸዋበር እህቴ፣ ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው። ከጠበቅሁት በላይ ሰጣችሁኝ። የሐይቁን ሰውዬና የምግብ ቤቱን ነገር ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ፤ ተከራክረው ይወስኑ።

ያቺን የኒውፖርት ኒውስ ወረቀት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ልስላት አስቤያለሁ። ሁለት የጠቆረ ቦታ፣ አንዱ ላይ መስመር። ሦስት ተማሪ ዳኛ አደርጋለሁ፤ የቀሩት ለሁለቱ ወገን ይከራከራሉ። ቦርከና፣ ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። ድጋሚ ቆጠራው በራሱ ነው የሚመጣው ወይስ ይጠየቃል? ዳኞቹስ የመራጩን ሐሳብ ከምን አነበቡት?

ቦርከና

ይጠየቃል። የተሸነፈው እጩ ልዩነቱ 1 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን መጠየቅ ይችላል። ከግማሽ በመቶ የማይበልጥ ከሆነ ወጪውን መንግሥት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነና ካላሸነፈ ራሱ ይከፍላል።

ሐሳቡን ለማንበብ የረዳው የቀረው ወረቀት ነው። ያ መራጭ በዚያው ወረቀት ላይ ለሌሎቹ ሥልጣኖች ሪፐብሊካኖችን ነበር የመረጠው። ይህንን ግን መጀመሪያ አይንገሯቸው። ያቺን አንድ መስመር ብቻ አሳይተው በደንብ ይከራከሩ፤ ዳኞቹ ሊፈርዱ ሲሉ ሙሉውን ወረቀት ያውጡላቸው። ስንቶቹ ሐሳባቸውን እንደለወጡ እዚህ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።